ካልሲዬ ውስጥ የነበረው ደብተር

ይቺን ስሙኝማ፤ ከዚያ ብትፈልጉ ትሄዳላችሁ።

ትናንት ከሰዓት ሐይቅ ዳር፣ ብስክሌት በማከራይባት የቆርቆሮ መጠለያዬ ውስጥ፣ ማስቲሽ ስፈልግ አንድ የድሮ ሣጥን ገለበጥኩ። ከካላማዳሪያ ቁርጥራጭ ስር ደብተር ወጣ። ደብተር ስላችሁ ደህና ደብተር እንዳይመስላችሁ። ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው እንደ ቦይ ደርቋል፤ ቅልጥም ላይ ብታስቀምጡት ልክክ ነው የሚለው። ሽፋኑ ላይ የታኬታ ጥርስ የበሳው ሦስት ቀዳዳ አለ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ላብና አመድ ሸተተኝ፣ ከስሩ ደሞ የሐይቅ ጭቃ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይለቅ!

ብስክሌት ሊከራይ የቆመው ሰውዬ፣ "ወንድም፣ ምን ሆንክ?" አለኝ።

ምን ልበለው? "ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶብኝ ነው" አልኩና ፍሬኑን አጠበቅኩለት።

ደርግ ሊወድቅ ሰባት ዓመት ሲቀረው ነው የምነግራችሁ። ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ከትምህርት ቤት እንደወጣን ቀጥታ ሐይቁ አጠገብ ወዳለችው ሜዳ ነበር የምንሮጠው። ሜዳ እንበላት እንጂ ግማሿ ሣር፣ ግማሿ አባ ኮዳ ነበረች። እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ጠግበው መጥተው መሀል ሜዳ ይገተሩ ነበር። ኮርና ለመምታት መጀመሪያ እነሱን ማባረር ነው። መስመሩን ሴቶቹ ዓሣ ከሚጠብሱበት በምናመጣው አመድ እናሰምራለን፤ አሥር ሰዓት ላይ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳና አመዱን ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል። ደስ ሲል! አሁን ሳስበው እንኳ ዓይኔን ያሳክከኛል።

አንድ ፈረንጅ ነበር፣ የዴንማርክ ሰው፣ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር። ሁልጊዜ ከሥራ ሲመለስ ከጎሉ ጀርባ ካለው ዋርካ ስር ቆሞ ያየናል። አማርኛውን ከማን እንደለመደ እግዜር ይወቅ፣ ሁላችንንም "አንቺ" ነበር የሚለን። አንድ ቀን መጣና፣

"አንቺ ክለብ ነሽ?" አለን።

"አዎና!" አልነው፣ ደረታችንን ነፍተን።

"ደንብሽ የት አለ?"

ደንብ ማን አለው? ኳስ ራሷ ከትምህርት ቤት የተሰረቀች ናት።

ያኔ ሣሩ ላይ ቁጭ አለና የአገሩን አንድ ክለብ ታሪክ አወራልን። ድሮ ድሮ፣ አያቱ ተማሪ እያሉ፣ ተማሪዎች ናቸው አሉ የመሠረቱት። ሜዳ የሚሰጣቸው ጠፍቶ ወታደሮች ፈረስ በሚያሠለጥኑበት መስክ፣ ፈረሶቹ ሳይነቁ በማለዳ ገብተው ይጫወታሉ፣ ፋንድያው ላይ እየተንሸራተቱ። አንድ ደንብ ብቻ ነበራቸው። ክለቡ የሚገባ ሁሉ በዕጣ ጥንድ ይደርሰዋል። ጥንድህ ፈተና ከወደቀ እሱም አይጫወትም፣ አንተም አትጫወትም። አስጠንተህ እስክታነሳው ሁለታችሁም ትቀመጣላችሁ።

"እንዴ፣ ሰው ሲጎድልስ?" አለ አንዱ።

"በስምንት ሰው ገብተው ስድስት ለዜሮ ተሸንፈዋል" አለ እየሳቀ። "ግን ክለቧ እስከ ዛሬ አለች። አሁን ዳቦ ጋጋሪም፣ አናጢም ይገባባታል። ጥንዷ ግን አልቀረችም።"

በረኛችን ያንን ሰምቶ ዝም ብሎ አልቀረም። ከቦርሳው አዲስ ደብተር አወጣና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፈ፦ "አንድ ከወደቀ ሁለት ይቀመጣል።" ሁላችንም ፈረምን። ፈረንጁ በሳምንቱ የዚያን ክለብ ያረጀ ማሊያ አመጣ፣ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው፣ ብብቱ የተቀደደ። ለበረኛው ሰጠው።

በረኛውን ላሳያችሁ። የሲዳማ ልጅ ነው፣ ረጅም ቀጭን፣ ክንዱ ጉልበቱ የሚደርስ። አባቱ ሰባኪ ነበሩ፤ ቸርቻቸው ታሽጎባቸው ቤት የተቀመጡ። ከክፍላችን አንደኛ ነው የሚወጣው። እኔ ደሞ አጥቂ ነኝ፣ ጎል አግቢ፣ ምላሴ ከእግሬ የሚፈጥን፣ ከክፍል መጨረሻ። ዕጣው ሲወጣ ማን ከማን ደረሰ? እኔና እሱ! ልጆቹ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። "አለቀልህ!" አሉት። "ዘንድሮ ማሊያህን አጥበህ ስቀለው!"

እውነትም የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ ሲመጣ ሒሳብ ሠላሳ አንድ አመጣሁ። ሊመታኝ ነው ብዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ካርዱን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

"ሠላሳ አንድ ጥሩ ነው" አለ። "ከዜሮ አልጀመርንም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ተቀመጥን። ከጎሉ ጀርባ፣ ዋርካው ስር። ሌሎቹ ይጫወታሉ፣ እኛ ኤክስ እንፈልጋለን። በሱ ቦታ የገባው ልጅ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍን ነበር። ጎል በገባች ቁጥር በረኛዬ ራሱን ይይዝና፣ "አየህ? ይቺ ያንተ ናት። በማካፈል የገባች ጎል!" ይለኛል። በጣም ሲናደድ በሲዳምኛ ይሰድበኛል፤ ምን እንዳለኝ ስጠይቀው "ጎበዝ አልኩህ" ይላል። ሐይቁ ከፊታችን ወርቅ ይመስላል፣ የዓሣ ጥብስ ሽታ ይመጣል፣ ሆዳችን ይጮሃል። በቁጥር ብቻ አልገባኝ ሲል ሁሉንም ወደ ኳስ ቀየረልኝ፦ አጥቂው ይህን ያህል አገባ፣ ተከላካዩ ይህን ያህል አዳነ። እንደዛ ሲያደርገው ገባኝ። የገባኝ ለት ራሴ ደነገጥኩ።

አንድ ቀን ካልሲዬ ውስጥ ለቅልጥሜ መከላከያ ካርቶን ስከት አየኝ።

"ካርቶን ከምትከት ደብተሩን ክተት" አለኝ። "ራስህ ባይገባው እግርህ ይማር!"

እንዲህ ነው ደብተሩ ቅልጥሜ ላይ የገባው። መዝገባችንም እሱ፣ ደንባችንም እሱ፣ ጥያቄዎቼም እሱ ውስጥ።

ከሁለት ወር በኋላ ፈተና ወረቀት ተመለሰ። ሃምሳ አራት! ከክፍል እስከ ሜዳው ሳልተነፍስ ሮጥኩ። በረኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጥሩን በጣቱ ነካካው፤ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ሊያይ መሰለኝ።

"አራት ተርፎሃል" አለ። ከዚያ ማሊያውን በራሱ ላይ አጠለቀ።

ስንገባ ጨዋታው ቆመ። ሁሉም አጨበጨቡ፣ ተቃራኒዎቹም ጭምር። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ጎል አግብቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን አግብቼ አላውቅም። ያን ቀን ደሞ አንድም ጎል አላገባሁም። እናቴ ወረቀቱን ከማርያም ሥዕል ስር ሰካችው። የመሥሪያ ቤት ጽዳት ነበረች፤ መሥሪያ ቤቷ ሄዳ "ልጄ ሒሳብ ያውቃል" ብላ አወራች። እስቲ አስቡት።

ፈረንጁ ያንን አላየም። የመኖሪያ ፈቃዱ አልታደሰለትም፣ ከአገር ወጣ። እሱ በወጣ በወሩ የቀበሌዎች ዋንጫ ታወጀ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የኛን ቡድን የቀበሌው ቡድን አደረጉት። ጥሩ ማሊያ መጣ፣ ጥሩ ኳስ መጣ። አሸንፈን አሸንፈን ፍጻሜ ደረስን። ፍጻሜው ሳምንት ሲቀረው ደሞ የሒሳብ ፈተና ተፈተንን። አርባ ሦስት አመጣሁ። በልምምዱ ብዛት ደብተር መግለጥ ትቼ ነበር። በደንባችን መሠረት እኔና በረኛው እንቀመጣለን።

ሊቀመንበሩ ይህን ሲሰሙ ሜዳ ላይ ስብሰባ ጠሩ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተርም ጎናቸው ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ደብተሩን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ "ይህ የንዑስ ከበርቴ ደንብ ነው!" አሉ። "ፈረንጅ ለሰፊው ሕዝብ ልጅ መጫወት ሊከለክል! ስፖርት ለሁሉም ነው። ደንቡ ይሻር። የሚደግፍ?"

እኚህ ሰውዬ የራሳቸው ልጅ ካርድ ይዞ ሲገባ በቀበቶ ነበር የሚቀበሉት፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር። ዳይሬክተሩን አየኋቸው። ያስተምሩናል የተባሉት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቃል ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩና አጨበጨቡ።

እና የመጀመሪያዋ እጅ ወጣች። የማን መሰላችሁ? የኔ። ፍጻሜውን ነበር የማየው፣ ሌላ ምንም አልታየኝም። እኔን አይተው ሌሎቹም አወጡ።

በረኛው አላወጣም።

"አንተ የሰባኪው ልጅ፣ ትቃወማለህ?" አሉት።

በዚያን ጊዜ ለሱ ቤት ይህ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም።

"አልቃወምም፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ፣ ረጋ ብሎ። "ግን እኔ እቀመጣለሁ። ጥንዴ ወድቋል።"

እሁድ ዕለት ፍጻሜው ሊጀመር ሲል ወደኔ መጣ፣ ልብሱን ሳይቀይር። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። ደብተሩን ሰጠኝ።

"አዲስ ጥያቄ ጽፌልሃለሁ። አሁን ካልሲህ ውስጥ ክተተው፣ ከጨዋታው በኋላ ትሠራዋለህ" አለኝ። ሄዶ ከጎሉ ጀርባ፣ የድሮ ቦታችን ላይ ቁጭ አለ። ብቻውን።

ሁለት አገባሁ። በሁለተኛው ጎል ላይ ተከላካያቸው በታኬታ ቅልጥሜን መታኝ፤ ደብተሩ ተበሳ እንጂ እግሬ አልተነካም። ሦስት ለሁለት አሸነፍን። በትከሻ ተሸከሙኝ፣ ቱታ ተሸለምኩ፣ በመኪና ከተማውን ዞርን። ከመኪናው ላይ ሆኜ በረኛዬን አየሁት፣ ወንበር ሲሰበስብ። እጁን አውለበለበልኝ። ጥያቄውን አልሠራሁትም።

ሚኒስትሪ ወደቅኩ። ለሊቀመንበሩ ስነግራቸው "ምን ችግር አለ፣ እግርህ አለ!" አሉኝ። በዓመቱ ከፋብሪካ ጎልማሶች አምጥተው ቡድኑን ሞሉትና እግሬም ቀረች፤ "ቁመትህ አነሰ" ተባልኩ። ተማሪዎች የመሠረቷት ክለብ አንድም ተማሪ ሳይኖርባት ሁለት ዓመት ቆየችና ፈረሰች። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲያፍሱ ደሞ ትምህርት ቤት የሌለው የት ይገባል? በረኛው ነው ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ፣ አጎቱ ጓሮ፣ እንሰት መሀል የደበቀኝ። "ጥንድ አይደለን?" አለኝ።

አላለቀስኩም፣ እንዳታዝኑልኝ። ሥራ አለኝ፣ ሐይቁ አለ፣ ነፋሱ አሁንም አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። በረኛው ዛሬ ቱላ አስተማሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንሰለቷ ያልተበጠሰች ብስክሌቱን "ተበጠሰች" እያለ ይመጣል፣ እኔም "እውነትም ተበጥሳለች" እያልኩ አስቀምጠዋለሁ። ስናወራ እንውላለን።

ሊቀመንበሩም ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር፣ ኮፍያ አድርገው፣ ለልጃቸው ብስክሌት ሊከራዩ። አወቁኝ። "ያ ሁሉ አለፈ፣ ልጄ። ሁላችንም አልገባንም ነበር" አሉኝ። ያን ቀን ጎማውን ነፍቼ ብስክሌቱን ብቻ ሰጠኋቸው፤ ምላሴ ሲያስፈልገኝ ይከዳኛል።

ትናንት ግን ደብተሩን ከፈትኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የበረኛው ጽሑፍ፣ ከታኬታው ቀዳዳ አጠገብ፦ "የእኔና የአንተ ዕድሜ ሲደመር ሠላሳ አንድ ነው። እኔ ካንተ በአንድ ዓመት አንሳለሁ። ዕድሜህ ስንት ነው? መልሱን እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ መንገዱን አሳየኝ።"

ማስቲሽ በነካው እጄ እርሳስ ያዝኩ። ሠላሳ አንድ ላይ አንድ ጨመርኩ፣ ሠላሳ ሁለት አደረግኩ፣ ለሁለት አካፈልኩ። በማካፈል! መንገዱን በሙሉ፣ መስመር በመስመር ጻፍኩት። ቅዳሜ ሲመጣ ያርመዋል።

መልሱ ዐሥራ ስድስት ነው። ያን ቀን፣ እጄን መጀመሪያ ሳወጣ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እርስዎስ ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎም ጋሽ ዳይሬክተር፣ ያን ቀን ስንት ዓመታችሁ ነበር?