ያለ ጫማ የተደነሰ ባሌት

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አውድማቸውን ሰው በጫማ እንዲረግጠው አይፈቅዱም ነበር። አውድማ በእበት ተለቅልቆ እህል የሚወቃበት ቦታ ነውና፣ "እንጀራችን ላይ በጫማ ይቆማል?" ይሉ ነበር።

ከምሥራቁ ጦርነት ማግሥት፣ ከወዳጅ አገር የመጡ የባሌት ደናሾች መካነ ሰላም ደረሱ። አዳራሽ ስላልነበረ ካድሬው የአያቴን አውድማ መረጠ፤ አስተርጓሚው የእንግሊዝኛ መምህሩ እኔ ነበርኩ።

"አባባ፣ ጫማው የደናሿ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ያለ እሱ በጣቷ ጫፍ አትቆምም" አልኳቸው።

"በሬዬም ሥራ ላይ ነው፤ ጫማ አምጣ ብሎኝ ያውቃል?"

"አብዮቱን እያደናቀፉ ነው፤ ያሳስርዎታል" አላቸው ካድሬው።

"እኔ ጫማ ነው ያልኩት" አሉት።

ለደናሿ ነገሩን ሳስረዳት ሳቀችና ጫማዋን ፈታች። በአንድ ቫዮሊን ታጅባ በባዶ እግሯ ስትደንስ ካድሬውም አጨበጨበ። አያቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ወላሂ በከንቱ ነው የተጨቃጨቅነው፤ ልጅቷ መሬት አትነካም" አሉኝ።

እርሳቸው ካረፉ ወዲህ አውድማው ተሰነጣጥቋል፤ መንገደኛውም ዝም ብሎ ያቋርጠዋል፣ የሚቆጣው የለም። የዘሩት ጤፍ ግን ታጭዶ ተከምሯል። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ አውድማውን እኔው እለቀልቃለሁ። ሥራውን አልለመድኩትም፤ ካልተዋጣልኝ ደግሜ እለቀልቀዋለሁ።