ሐኪማችን ከማንጎ ዛፍ የወደቀ ዕለት

ከሐኪማችን ጋር የተዋወቅነው ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን በወለደችበት ቀን ነው። ምጥ የያዛት እሷ፣ አልጋ ላይ የተኛሁት እኔ።

አሶሳ ውስጥ መምህር ነበርኩ። ረፋድ ላይ ሚስቴን ደግፌ ጤና ጣቢያ አደረስኳት፤ በሩ ላይ ሆኜ ጩኸቷን ስሰማ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው ኮርኒሱን ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ረጅም ሰው ፊቴ ላይ ውሃ እየረጨ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይለኛል።

«ሚስቴስ?» አልኩት።

«ወለደች እኮ! አንቺ ተኝተሽ እሷ ጨረሰች።»

«ምን ወለደች?»

«ልጅ!»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ቆንጆ ነው። ቁርጥ እናቷን ትመስላለች።»

ከዚህ መልስ የሚጨበጥ ነገር ስላጣሁ ግድግዳውን ተደግፌ ገባሁና ራሴ አየሁ። ሴት ናት።

ሐኪሙ የአሶሳ አካባቢ ተወላጅ ነበር፤ አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ነው። አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ሲረጋጋ አጣርቶ ይናገራል፤ ሲቸኩል ግን ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። እኔም በተራዬ አንድ ቀን በእሱ ቋንቋ ሰላም ልለው ሞከርኩ። መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ምን እንዳልኩት ስጠይቀው፣ «ተዪው፣ ደግመሽ ለማንም እንዳትዪ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንም ሰው ያለ እሱ ታሞ አያውቅም። የልጄ ትኩሳት፣ የእኔ ወባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናቴ ደም ግፊት የእሱ ጉዳይ ሆነ። እናቴ በሠፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣች ገበሬ ናት፤ አባቴ ሲሞት እኔ ጋ ገባች። እሷን «አንቱ» ስለሚላት ተሳስቶ አያውቅም፤ አንቱ ወንድና ሴት አይለይም።

«እማማ፣ መድኃኒቱን ይውጣሉ?»

«እንዴታ!»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

እናቴ ከትራሷ ሥር አንድ ፌስታል ሙሉ ክኒን አወጣች። «ሲሻለኝ ጊዜ ለክፉ ቀን ብዬ አስቀመጥኩት።»

አልተቆጣም። «እንግዲያው ዓይኔ እያየ ነው የሚውጡት» አለና በየቀኑ ለምሳ ሲወጣ ብቅ ይል ጀመር። ለክኒኑ መጥቶ ለሽሮው ይቀመጣል። እሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ስለሆንን እናቴ ለብቻው ድስት ገዛችለት፤ በዓል ሲመጣ የራሱን ዶሮ ራሱ ቢስሚላሂ ብሎ ያርዳል።

ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች፣ የእሱም ፀጉር ከሸበተ በኋላ አንድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠን ነበር። እናቴ ቀና ብላ፣ «ከላይ ያሉት በስለዋል፤ ዘንግ አምጣ» አለችኝ። ዘንጉን ይዤ ስመለስ ሐኪማችን ጫማውን አውልቆ ዛፉ ላይ ወጥቷል።

«እኔ ማንጎ ሥር ነው ያደግኩት። ዘንግ ለእንግዳ ነው» ይላል ከላይ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውረድ! ሐኪም አይደለህም ወይ?» አለች እናቴ።

«ሐኪም ማንጎ አይበላም?»

ቅርንጫፉ ተሰነጠቀ። ሐኪማችን በእናቴ የጎመን መደብ ላይ አረፈ፤ ክንዱ ተሰበረ። እየሮጥኩ ስደርስ በሕመም መሀል ሆኖ ጮኸብኝ፦ «አንቺ፣ እንዳታዪ! ወደዚያ ዙሪ! አንቺም ከወደቅሽ ባጃጅ ማን ይጠራል?»

ዞሬ ባጃጅ ጠራሁ። ሆስፒታል የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ቀድሞ እሱ ያሠለጠናት ነበረች።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ከደረጃ ወደቅኩ።»

«የቤትዎ ደረጃ የት ጋ ነው?» አለችና ፀጉሩ ውስጥ የተሰካውን የማንጎ ቅጠል ነቅላ ሰጠችው።

ክንዱ በጀሶ ታሰረ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ልትጠይቀው ስትሄድ እኔም ተከተልኳት፤ ሚስቱ ደጅ ላይ ተቀበለቻትና በሹክሹክታ፣ «ክኒኑን አይውጥም እኮ፤ አላመመኝም ይላል» አለቻት። እናቴ ገባች፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ ውሃ አስቀዳች። «ዋጥ» አለችው። እኔን አየኝ። እኔ ምን አገባኝ? ዋጠ። ጀሶው እስኪፈታ ድረስ አንድም ቀን አልቀረችም።

እናቴ ስታርፍ ከእኛ እኩል ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን፣ እኔ የተማሪ፣ እሱ የበሽተኛ ወሬ እያወራን ስንት ዓመት ኖርን።

ባለፈው ክረምት እሱም አረፈ። እንኳን የቅርቡ፣ የሩቅ ገጠር ሰው ሁሉ መጣ። በሦስተኛው ቀን ምንጣፉ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «የእኛ ቤት ሐኪም ነበር» አሉኝ።

«የእኛም ቤት ነበር» አልኩ።

«ይሁን፣ ግን እኛ ዘንድ ሳይመጣ አይውልም። ቁርሱን የሚበላው እኛ ቤት ነው።»

ትንሽ ቅር አለኝ። «ምሳውን ደግሞ እኛ ቤት።»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው፣ «እራቱንስ ከእኛ ሌላ ማን ያበላው ነበርና!» አሉ።

ከጓዳ የሚስቱ ድምፅ ተሰማ፦ «ለካ ለዚህ ነው እኔ የሠራሁት ሁልጊዜ የሚተርፈው!»

ለቅሶ ከተቀመጠች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። እኛም አፋችንን ይዘን ሳቅን።