እጇ የቀደማት ተማሪ

አሥራ ስምንት ዓመት ችግኝ ስታፈላ የኖረች ሴት ነች። አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላት መሥሪያ ቤቷ የአካባቢ ጥበቃ ኮሌጅ አስገባት። ኮሌጁ ደግሞ በየሴሚስተሩ ሁለት ተማሪ ወደ ሌላ እንደሱ ያለ ኮሌጅ ለልውውጥ ይልካል፤ ዕጣው ለእሷ ወጣ።

"እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ዶርም ልትገቢ?" አለቻት ልጇ እየሳቀች።

"አዎ። አንቺም ስንቅ ላኪልኝ፣ ስደውልም ቶሎ አንሺ።"

አዲሱ ኮሌጅ አላስፈራትም። ደብተር ላይ እጇ ይዘገያል እንጂ መሬት ላይ ማንም አይቀድማትም፤ ይህንንም ታውቀዋለች። አብራት የምታድረው ልጅ "እትዬ" እያለች ያመለጣትን ትጽፍላታለች፤ እሷም የልጅቷን ጠውላጋ ችግኞች ከሞት ታተርፋለች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን በማለዳ ከክፍሎቹ ጀርባ በገመድ የታጠረ መሬት አየች። አረም ውጦታል። የሰው ቤት ገብቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነው አለችና ጎንበስ አለች። ተማሪው ቁርሱን በልቶ ሲወጣ መሬቱ እንደ ተላጨ ራስ ሆኖ ጠበቀው።

መምህሩ መጣና ደርቆ ቀረ። ለካ መሬቱ ሆን ተብሎ ሦስት ወር የተተወ ነው፤ ሰው ካልነካው በራሱ ምን ምን እንደሚያበቅል ለማየት። የሚቆጠረውም በዚያው ቀን ነበር።

"ማን አዘዘዎት?" አላት አፈር የለበሰ እጇን አይቶ።

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

"ለኮሌጅዎ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ነገ ይመለሳሉ።"

ተመለሰች ማለት ሴሚስተሩ ከንቱ ቀረ፣ ዲፕሎማውም ሄደ ማለት ነው። ከኋላ አንዱ ተማሪ፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ። ሳቁ ተከተለ።

ዞር ብላ አየችው። "እውነትህን ነው፣ የኔ ልጅ። እንግዲያው ያፈሰስኩትን ልልቀም። መምህር፣ ከመጻፍዎ በፊት አንዴ ይዩልኝ።"

ችግኝ ጣቢያ ያደገ አራሚ የየመስመሩን አረም እዚያው መስመር ራስ ላይ ይከምራል፤ አለቃው ሥሩ መነቀሉን የሚያየው እዚያ ነው። እሷም እንደ ልማዷ መሬቱን በአሥር መስመር ከፍላ አርማ አሥር ክምር ትታ ነበር። አንዱም ከሌላው አልተደባለቀም፣ አንድም ሥር አልተቆረጠም።

የመጀመሪያውን ክምር መሬት ላይ ዘርግታ በዓይነት በዓይነቱ መለየት ጀመረች። መምህሩ መጀመሪያ ቆሞ አየ፣ ቀጥሎ ቁጢጥ አለ፣ በኋላ ደብተሩን አወጣ። ያ የተረተባት ልጅ ሳይቀር ሁለተኛውን ክምር ይዞ ተቀመጠ።

"ይሄን ከዚያ ጋር አታድርገው፣ ቅጠሉን ዳሰው እስቲ፤ ያኛው ይሻክራል።"

አሥሩም ሲያልቅ ሠላሳ አንድ ዓይነት ተቆጠረ። እሷ ግን ተነሥታ ከግድግዳው ጥላ ሥር እርጥብ ጆንያ ይዛ መጣች። ውስጡ ከነአፈራቸው አራት ጥቃቅን ችግኞች አሉ።

"እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?" አለ መምህሩ።

"ዛፎች ናቸዋ። ወፍ የዘራቸው ይመስለኛል። እድሜዬን ሙሉ ዛፍ አፍልቼ ዛፍ ልጥል ኖሯል? ሦስቱ እዚህ ነበሩ፣ አንዱ ከዚያ ድንጋይ ሥር። ጉድጓዳቸው ይኸው።"

መምህሩ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ አየ። ከጥናቱ ሁሉ አጥብቆ ይጠብቅ የነበረው ዛፍ ራሱን ችሎ ይመለስ እንደሆነ ማየት ነበር።

"ወደ ቦታቸው ይመልሷቸው" አለ ቀስ ብሎ። "ደብዳቤው ይቅር። መሬቱ ግን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ጠባቂዋ እርስዎ ነዎት። በየሳምንቱ ይቆጥራሉ፣ ምንም አይነኩም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

"ይሄማ ከማረሙ ይከብዳል" አለች፣ ተማሪዎቹም ሳቁ፣ እሷም አብራ።

በሳምንቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ሣር ብቅ ብላለች። እጇ ሄደ፤ መለሰችው፤ እርሳሷን አጥብቃ ያዘችና በቀስታ "መስመር ሦስት፦ አንድ ሣር" ብላ ጻፈች።