ጠያቂዎች ያመጡት ምክንያት

እኅቴ ጡቷ ላይ የተገኘው እብጠት ካንሰር መሆኑ የታወቀ ሰሞን፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ያለው ቤታችን በጠያቂ ተጨናነቀ። ጠያቂ ይባረክ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ችግሩ፣ ከሙዙ ጋር አንዳንድ ምክንያትም ይዞ ይመጣል።

«ስልኳን ጡት መያዣዋ ውስጥ ስለምትይዝ ነው» አለች አንዷ ጎረቤት፣ የራሷን ስልክ ከዚያው ቦታ እያወጣች። ሳቄን እንዴት እንደቻልኩት! ሌላዋ ምች ነው አለች፣ ሌላዋ ዓይን ነው። አንገፍግፎኝ ወጥ ቤት ገብቼ ከሳህን ጋር እጣላ ነበር።

ከገጠር፣ ከየቡ የመጣችው የእናታችን እኅት ያለችው ግን እኅቴ ልብ ውስጥ ገባ። «ልጅሽን ጡት ቶሎ ስላስጣልሽው ነው። ወተቱ እዚያው ረግቶ ቀረ።» እውነትም እኅቴ ሱቅ ልትከፍት ብላ ልጇን ቶሎ አስጥላዋለች። ከዚያ ወዲህ «በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው፤ ቅጣቴ ነው» እያለች ኦፕሬሽኑን እምቢ አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ ወይ ፍንክች!

እንደ ምንም ሐኪሙ ዘንድ መልሼ ወሰድኳት። «ማጥባት በመጠኑ ይከላከላል» አላት፤ «ቶሎ ማስጣል ግን ብቻውን ይህን አያመጣም። ስልኩም የለበትም። ዕድሜ አለ፣ ዘር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለምን እንደመጣ እኛም አናውቅም።» ቀጥሎ ቤተሰብ ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀ። በእናታችን በኩል ማንም የለም አልኩት።

«በአባታችሁስ በኩል?»

ማን ጠይቆ ያውቃል! የጡት ነገር ከእናት ብቻ የሚወረስ ይመስለን ነበር።

ቤት ስንመለስ አባታችንን ጠየቅኳቸው።

«ገጠር፣ ደዶ ላይ የሞተችው እኅቴ ጡቷ ቆስሎ ነው» አሉ። «ያኔ ነውር መስሎን ደበቅነው።» ከዚያ ወደ እኅቴ ዞረው «ልጄ፣ ከእኔ ነው የመጣብሽ። አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» ብለው አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ የምገባበት ጠፋኝ።

እኅቴ ብድግ አለች። «ማሎ፣ እባክዎ አባዬ! እርስዎ ምን አጠፉ? ወደው ነው እንዴ? የማያውቁትን ነገር ለምን በራስዎ ላይ ይጭናሉ?»

ይህን ስትል የገዛ ቃሏን ራሷም የሰማችው መሰለኝ። ተቀመጠች፤ የአባታችንን እጅ ይዛ ቆየች።

«ሐኪሙ ነገ ይገባል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ይገባል።»

«እንግዲያው አብረን እንሄዳለን። አንቺም ትታያለሽ።»

ያን ሁሉ ሰሞን ስለ ራሴ ጡት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም ነበር።