የአባቴ መዶሻና የደብሬ ጥሪ

ባለፈው ሳምንት ለመስኮቴ ፍርግርግ ላሠራ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ወዳለ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሄድኩ። በኩታበር ስንት ዘመን አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ አገሬ ከተመለስኩ ወዲህ የጀመርኳት ትንሽ ቤት አለችኝ። መብራት ስለጠፋ የብየዳው ማሽን ቆሟል። ባለቤቱ፣ ጢሙ ገና ያልሞላ ልጅ፣ የተጣመመ ብረት በመዶሻ ያቃናል። ድምፁን ስሰማ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

ልጁ የማን እንደሆነ አጠገቡ ሻይ የምታፈላዋን ሴት ጠየቅኳት። «የመሪጌታ የልጅ ልጅ ነው፤ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ የመጣ ባለሙያ!» አለችኝ በኩራት። የትኛው መሪጌታ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የፍርግርጉን ልክ ስነግረው ፊቱን ቀና አደረገ፤ የማውቀውን ግንባር አየሁት።

«ስምዎን ማን ልበል፣ እትዬ? ሲያልቅ እንድጠራዎት» አለኝ።

ዓይኔን ከመዶሻው ላይ አልነቀልኩም።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለችው ሰፈራችን የእሱ መዶሻ ያልነካው ነገር አልነበረም። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ቢላው፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ማጠፊያ ሳይቀር ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ገበሬው ማረሻውን ይዞ ሲመጣ ግን አጥሩ ሥር አስቀምጦ ይሄዳል እንጂ ገብቶ ውሃ አይጠጣም። ቡዳ ነበርና ስማችን። ልጆች የስቅለት ዕለት ሲያገኙኝ «ጌታን የቸነከሩበትን ሚስማር የመታው የእናንተ ዘር ነው!» ይሉኛል። አባቴ ይህን ሲሰማ አይቆጣም። የሚያናድደኝ እሱ ራሱ በዚያ ቀን መዶሻውን በጆንያ ጠቅልሎ ጥግ መወሸቁ ነበር። ምናልባት እውነት ቢሆንስ ብሎ ይሰጋ ነበር መሰለኝ።

ደብሬ የመሪጌታ ልጅ ነበረች፤ ጓደኛዬ። ከእኔ እጅ እንዳትበላ እናቷ ከልክላታለች። እሷ ግን ከቤታቸው እንደራቅን የባቄላ ቆሎዬን ከኪሴ እየዘገነች ትቆረጥማለች። «እስካሁን አልበላሽኝም፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለች ትስቃለች። እኔም ቡዳ ብሆን ኖሮ አስቀድሜ የምበላው የሒሳብ አስተማሪያችንን እንደሆነ እነግራታለሁ። ጠዋት ጠዋት ከአጥራችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆማ «ዘኑዬ!» ብላ ትጣራለች። አባቴ እንድሰማት መዶሻውን ያቆማል። እኔ «አቤት!» ብዬ ደብተሬን ይዤ ስሮጥ ነው እንደገና መቀጥቀጥ የሚጀምረው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ደብሬ የወለደች እህቷን ልትጠይቅ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደች። ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሎሚ አመጣችልኝ። ብዙም ሳትቆይ ታመመች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትግላለች፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ከዚያ ደህና ትሆንና እንደገና ይነሳባታል። ዛሬ ማንም ሰው ወባ ይለዋል። ያን ጊዜ በእኛ ደጋ ግን እንዲህ ሄድ መጣ የሚል በሽታ ሌላ ስም ነበረው።

አንድ ጠዋት ጥሪዋን በለመድኩበት ሰዓት መሪጌታ ራሳቸው መጡ። ከቀጥቃጭ ቤታችን ደጅ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ልጄ ለፈለፈች» አሉ።

ለሌላው አገር ለፈለፈ ማለት ወሬ አበዛ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ታማሚው የበላውን ቡዳ ስም ጠራ ማለት ነው። አባቴ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ማንን ጠራች?»

«ዘኑ፣ ዘኑ ትላለች። ዘኑ ትምጣልኝ ትላለች። ልጅህ ትምጣና እንትፍ ትበልባት።»

«ጌታዬ፣ ጓደኛዋ እኮ ናት። ብትጠራት ምን ይገርማል? ይልቅ ቃሬዛ ላብጅና ጤና ጣቢያ እናድርሳት። አንዱን ጎን እኔ እሸከማለሁ።»

«አንተ ነህ ልጄን የምትሸከም?» አሉት። በዚያ አለቀ።

ወጥመዱ ያኔም ገብቶኝ ነበር። ሄጄ እንትፍ ብዬባት ከዳነች፣ ቡዳነቴ ተረጋገጠ። አልሄድም ብዬ ከሞተች ደግሞ በልቼ ጨረስኳት። አባቴ እጁን በአመድ አሸት አሸት አድርጎ ትከሻዬን ያዘኝና ሄድን።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። እራፊ ጨርቅ አጢሰውባት ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ደብሬ መደብ ላይ ተጋድማለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ስታየኝ ከጉብታው ላይ በምትጠራበት በዚያው ቃና፣ ቀጠን ባለ ድምፅ፣ «ዘኑዬ» አለች። አፌ ተከፈተ። የአባቴ ጣቶች ትከሻዬ ላይ ጠበቁ።

«አቤት እንዳትይ» አለኝ በጆሮዬ። «ካልሽ አመነች ይላሉ።»

«ዘኑዬ» አለች ደግማ።

እንትፍ አልኩ። ሴቶቹ አማተቡ። ደብሬ አላለቀሰችም፤ ቀጣዩን ቃል እንደሚጠብቅ ሰው ብቻ አየችኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ያመኛል።

በማግስቱ ትኩሳቱ ሲብስ ዘመዶቿ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት። መኪና መንገዱ ላይ ሳይደርሱ ሞተች።

እኛ ለቀብር አልወጣንም፤ ማን ያስጠጋናል? አባቴ እሳቱን አጥፍቶ ተቀመጠ። ረፋዱ ላይ የደብሬ ታላቅ ወንድም ዓይኑ ቀልቶ መጣና አንድ ዶማ አጥራችን ሥር ጣለ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሥሩ ጭንጫ ነው፤ ዶማው ዶልዱሞ መቃብሩ አልቆፈር ብሏቸዋል።

«ለመቃብሩ ነው» አለ። 

አባቴ የሚሰድበው መስሎኝ ነበር። ዶማውን አንስቶ እሳቱን እንደገና አቀጣጠለ። እኔ ወናፉን ነፋሁ። ብረቱ ሲቀላ ቀስ እያለ፣ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስል እየተጠነቀቀ መታው። ወንድሟ ተቀብሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዶማው ድንጋይ ሲመታ ይሰማን ጀመር። እስኪያበቃ ድረስ አባቴ አልተነቃነቀም።

«እኛም ቀብረናታል» አለ ሲያበቃ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ አላወራም። እኔ ደሴ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ፤ አባቴ እዚያው እየቀጠቀጠ ሞተ።

«እትዬ፣ ስምዎን?» አለኝ ልጁ እንደገና።

«ዘነቡ። ዘኑ ይሉኛል።»

መዶሻውን ዝቅ አድርጎ እንደ ማፈር ብሎ ሳቀ። «በእኛ ቤት እንኳ ይህ ስም አይጠራም። አክስቴን የበላቻት ሴት ስም ነው ይላል አባቴ። የድሮ ሰው ወሬ ነው፤ አብሽሩ፣ አይዞዎት።»

ዶማውን አጥራችን ሥር የጣለው አባቱ መሆኑን አልነገርኩትም። መዶሻውማ ይኸው ሙያ ሆኖ፣ የመሪጌታ የልጅ ልጅ በአደባባይ ይዞታል። ስሜ ግን እዚያው ጭስ ውስጥ ቀርቷል። ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ። ከኋላዬ ቅጥቀጣው ቀጠለ።

ጥቂት እንደሄድኩ መዶሻው ቆመ። የፍርግርጉን ቀለም መጠየቅ ረስቶ ኖሯል።

«እትዬ ዘኑ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።