ለአንድ ቋንቋ ሁለት አባት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የያዘው ቂም ለአንባቢ ምን ይጠቅማል? ቢሆንም እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያው መንፈቅ መምህራችን በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ ከሚነገሩ የባንቱ ቋንቋዎች የተሰበሰቡ ቃላት አደሉንና «በዝምድናቸው መድቧቸው» አሉን። ሳምንት ሙሉ ደከምሁበት። ውሃን፣ እሳትን፣ ጥርስን የሚጠሩበትን እያስተያየሁ ሁለት ምድብ አወጣሁ። አንዱ ቋንቋ ግን ከሁለቱም ጋር ይመሳሰላል። እኛ ጊሼዎች ርስት የምንቆጥረው በአባትም በእናትም ነው፤ ስለዚህ ሳልጠራጠር በሁለቱም ምድብ ጻፍሁት።

ወረቀታችንን የሚያርመው የመርሐቤቴ ተወላጅ የሆነ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። የእኔን ወረቀት ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ።

«ይኼ የጊሼ ልጅ ለአንድ ቋንቋ ሁለት አባት ሰጠው። እናቲቱን ጠይቀሃታል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ጋሼ፣ ቃላቱ እኮ ከሁለቱም...»

«ቃል ከጎረቤት ይዋሱታል፣ ወንድሜ። የተዋሰ ሁሉ ወራሽ ነው እንዴ?»

ትክክል ነበር። ይቅር ያላልሁትም ስለዚህ ነው።

በጥር ዕረፍት ጊሼ ውስጥ ራቤል አጠገብ ወዳለው መንደራችን ስሄድ ያው ወረቀታችንን ያረመው ሰው መጥቶ አገኘሁት። በእናቱ በኩል ቆጥሮ ከእኛ አገር ርስት ሊካፈል ነው። አባቱ ጢሰኛ ስለነበሩ ሌላ መሬት የለውም። ሽማግሌዎቹ አያቴን ሰብሳቢ አድርገው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጽድ ሥር ተቀመጡ። እሱም ቅድመ አያቱ የዚያ መሬት ባለርስት ልጅ እንደነበረች ትውልዱን ቆጠረ። «ደግ ቆጠረ» ይባባሉ ጀመር።

ሴትዮዋ በክፉ ቀን ከቆላ መጥታ በባለርስቱ ቤት ያደገች መሆኗን ግን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ከቤት ሰምቻለሁ። በእኛ ዘንድ ይህን በአደባባይ ማንሣት ነውር ነው። እኔ ግን ተነሣሁ።

«አባባ፣ ልናገር?»

«በል፣ አሳጥረው።»

«ሴትዮዋ አደገችበት እንጂ አልተወለደችበትም። እርስዎም ያውቃሉ።»

አያቴ መሬት መሬት አዩ። «አውቃለሁ» አሉ።

ያ ሰው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ለዚያች ወረቀት ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ። ለወረቀቷ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ርስቱን ከለከሉት። ሸማውን ትከሻው ላይ ጥሎ ማንንም ሳይሰናበት በእግሩ ቁልቁል ወረደ። ቤት እስክንደርስ አያቴ አላናገሩኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንደዚያን ቀን ምሳ ጣፍጦኝ አያውቅም። ቀኑም ጥር 21፣ 1957 ዓ.ም. ነበር።