ፊቱ ያለበት ፍሬም

ወጣት ሳለሁ ቦንጋ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርግ ነበር። ማደሪያም የሚፈልገኝ ሰውም ስላልነበረኝ የምተኛው እዚያው ኮምፒውተሩ ሥር ነበር።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ከማንኪራ በእግራቸው መጡ። ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ከወጣ ወዲህ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ጎረቤት ቤት ባዩት፣ እኔ በሠራሁት የሠርግ ቪዲዮ ላይ ግን ከጨፋሪዎቹ ኋላ ወደ ጫካው ሲሄድ አይተውታል።

ቪዲዮውን ከፈትኩት። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ጭጋጉ ውስጥ ይገባል።

«መልሰው» አሉኝ።

ሪቨርስ አደረግኩት። ሰውየው የኋሊት እየተራመደ ከጭጋጉ ወጣ።

እትዬ አስካለ ሳቁ። «ምነው፣ ተጣልተናል እንዴ? ፊቱን አዙረው እንጂ!»

«ያልተቀረጸ ፊት አይዞርም፣ እትዬ። ግን ቪዲዮ ማለት የተደረደረ ፎቶ ነው። አንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። ለአፍታ ዞር ብሎ ከነበረ አንዱ ፍሬም ላይ እናገኘዋለን።»

ወንበራቸውን አስጠጉ። ፍሬም በፍሬም ሄድን። ሰውየው እግሩን ያነሳል፣ ሳያሳርፍ አየር ላይ ይቆያል። የሚረግፈው ቅጠል መሬት አይደርስም። ሁለታችንም መተንፈስ የረሳን ይመስለኛል። ዛፎቹ ጋ ሊደርስ ሲል አንዱ ፍሬም ላይ ዞሮ አየን። አስቆምኩትና አጎላሁት።

እትዬ አስካለ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ፊቱን አዩት።

«ልጄ አይደለም።»

ቪዲዮውን ልዘጋው ስል እጄን ያዙኝ።

«አትዝጋው። ፎቶውን አስቀምጠው» አሉኝ። «እናቱ ትመጣ ይሆናል።»